አራተኛው ክር

ዙልሚራ ጊታሯን በአንሶላ ጠቅልላ
ከሚንዴሎ ወደብ መጣች ተቻኩላ።
«የአባቴ ነውና አደራ፣ አደራህን፣
ሆዱን እንዳትበሳው፣ አርቅ መሰርሰሪያህን።
ድምፁ ግን ይሰማ፤ እዚያ ምግብ ቤት ውስጥ
ሹካው ነው የሚሰማው፣ አሳላፊው ሲሮጥ።»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንጨት ስልግ ኖሬ
እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሰማሁ ገና ዛሬ።
ለመንኳት፦ አንድ ብቻ፣ ከግርጌው በኩል፣
ማንገቻው በሚያዝበት፣ የጣት ያህል።
እሺ አለች በኋላ፤ ፊቷን አዙራ
መርከብ ትቆጥር ጀመር እስክጨርስ ሥራ።
ከብናኙ ጋራ ወለሉን ያለበሰው
አርባ ዓመት የጠጣው የአባቷ ጢስ ነው።
ሁለታችንም አሸተትን። ማናችንም አላወራን።

ከአጥንቱ ሥር ቀጭን ጥብጣብ አስተኛሁ፣
ሽቦዋን በየድኩ፣ ባትሪ አጎረስኩ፣ ሰካሁ።
መታችው። አንደኛው ጥርት ብሎ ወጣ፣
ሁለተኛው ደህና፣ ሦስተኛው ሳይቆጣ፤
አምስተኛውማ ጮኸ፣ መስኮቱን አናጋ፣
«ይኸውልሽ!» አልኩኝ፣ ደረቴን ስዘረጋ።
አራተኛው ግን
አፉን በጨርቅ ይዞ
ከግድግዳ ጀርባ እንደሚያወራ ሰው።

ክሩን ቀየርኩለት። ያው።
ብየዳውን ፈትቼ ደግሜ በየድኩ። ያው።
ባትሪውን በምላሴ ቀመስኩት፤ ይናደፋል።
የአጥንቱን ግርጌ መስተዋት ላይ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣
በሥሩ ብርሃን ማለፊያ እስኪያጣ። ያው።
ማጉያውንም በርግጫ ብዬዋለሁ፤ አይደበቅም።

«አባቴ አኩርፎ ይሆን?» አለች ቀስ ብላ።
«ሙት አያኮርፍም» አልኳት፤ ቢሆንም
መሰርሰሪያውን ከጠረጴዛው ሥር ገፋሁት በእግሬ።

ያን ሳምንት ከሰሐራ የተነሣ አቧራ
ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ጣሪያ፣ ጀልባ፣ ተራራ
ቡኒ አልብሶት ነበር። እኔ ደግሞ በሬን
ለሙቀቱ ብዬ ከፍቼ ነው የዋልኩት።
በሦስተኛው ቀን ጎድጓዳውን በአጉሊ መነጽር ባየው
አንዲት አሸዋ!
ውቅያኖስ ያላሰጠማት፤
ከአራተኛው ሥር እንኳ አይደለም፣ ከአምስተኛው ሥር ተቀምጣ
ጥብጣቧን ቀና አድርጋ ጎረቤቱን ከአጥንቱ ለይታዋለች።
ሦስት ቀን ሙሉ የመረመርኩት ዝም ያለውን ነው፤
የጮኸውን ማን ጠየቀ?

በብሩሽ ጫፍ አነሣኋት። አራተኛው አፉን ፈታ።
ዙልሚራ ግማሹን ከፈለች፣
ለግማሹ ዓሣ ቃል ገባች፣ ወደ ወደቡ ወረደች።

በሳምንቱ ተመለሰች፤ ዓሣው የለም።
«አሁንማ» አለች «ስሳሳትም ይሰማል።»
ለዚህኛው የሚሆን ካቻቢቴ የለኝም።