የማታነበው ፊደል

አል-ኾር ላይ፣ ማንግሮቭ እስከ ጉልበቱ ጨው ውስጥ ቆሞ በሚያድርበት፣
ቀድሞ የዓሣ በረዶ ቤት የነበረች ክፍል ናት
ዶክተር ጀዋሂር ሠላሳ አንድ ዓመት የኖረችባት።

እኔ ጠርሙስ አጣቢ ነበርኩ፤ ውሌ «ጽዳት» ይላል።
አንድ ቀን እጄን አየችና፣ «ስንዱ፣ ይሄ እጅ አይንቀጠቀጥም፤ ከዲግሪ ይበልጣል»
ብላ ፒፔት አስያዘችኝ፤
ጠብታ እንዴት እንደሚለካ፣ ትንፋሽ እንዴት እንደሚዋጥ አስለመደችኝ።

ቅጠል ቀጥፋ «ላሺው» አለች። ላስኩት። ጀርባው የጨው አመዳይ።
«ይሄን ሁሉ ባሕር ጠጥቶ አይሞትም፤ አይገርምሽም ወይ?»
«ባገሬ» አልኳት፣ «ደግ አሳዳጊ ያለው ጨዋ ይባላል፤ ጨው ይሰማኛል በስሙ።»
ሳቀች፤ «ይሄኛው ጨዋ ግን ጨውን አስወጥቶ ነው የተረፈው ደሙ።»

እሷ የዛፍን ዘር በአራት ፊደል ታነባለች፤ አትደክምም፤
የእኔን ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ፊደል ግን አንዱንም አታውቅም።
ባገሬ ዘር የሚቆጥር ሰው ጎረቤቱን ያርቃል፤
እሷ ዘር በቆጠረች ቁጥር ዘመዷ ይበዛል፤
ዛፉም፣ ሸርጣኑም፣ እኔም፣ ካንድ ግንድ እንወርዳለን ትላለች፤ ማን ይከራከራታል?

በዘጠነኛው ዓመት አገኘሁት አለች፤ ጨው ገፊውን ዘረመል።
መጽሔት አወጣው፤ ኬክ ተቆረሰ፤ ጋዜጣም አተመው ከነምስል።
ከማሌዥያ ደብዳቤ፣ ከሜክሲኮ ደብዳቤ፣ «ፈለግሽን ተከተልን» የሚል።
ሁሉ ሲያጨበጭብ፣ እሷ ጥፍሯን ትበላ ነበር።
«ስንዱ፣ ዓይኔ የሚወደውን ነው የሚያየው» አለችኝ አንድ ማታ፣ ስንዘጋ በር።

በማግስቱ አርባ ብልቃጥ ሰጠችኝ።
«በፊደልሽ ምልክት አድርጊባቸው፤
የትኛው ቅጠል፣ የትኛው ባዶ ውሃ እንደሆነ፣ አንቺ ብቻ እወቂያቸው።
ብለምንሽም እንዳትነግሪኝ።»
በሦስተኛው ቀን ለመነችኝ።
ደሞዜን የምትፈርመው እሷ ናት፤ አልነገርኳትም።
«ጨካኝ!» አለችኝ። በገዛ እጇ ሻይ አፈላች፤ በሻይም አልተሸነገልኩም።

መዝገቡን የከፈትን ዕለት ጎን ለጎን ተቀምጠን አነበብን።
«ሀ» አብርቷል፤ «ሉ» አብርቷል፤ ከዚያ «ሠ»ን አየን።
«ሠ» ባዶ ውሃ ነበር፤ ቅጠል የሚባል ያልነካው።
እሱም አብርቷል።
ያን ሁሉ ዓመት ስናነብ የኖርነው ዛፉን ሳይሆን፣
ከቅመማችን ጠርሙስ የገባ ሻጋታ ኖሯል።

«ጠርሙሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አልኳት።
«ያመንኩት እኔ ነኝ» አለች።
ዲኑ «ማን ያውቃል? ዝም በይ» አላት፤ ወንድሞቿም «ስምሽስ?» አሏት።
በዚያው ሌሊት ለመጽሔቱ ጻፈች፦ «ተሳስቻለሁ፤ ሰርዙት።»
ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ መጣች፤
«በቋንቋሽ፣ ከመጀመሪያው መጀመር ምን ይባላል?» አለች።
«ከሀ ሁ» አልኳት።
ደጋግማ አለችው፣ እስኪገራላት።

ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ሌላ ዘረመል አገኘች፤ ትንሽ፣ ድምፅ የለሽ፣ እውነተኛ።
ኬክ አልተቆረሰም፤ ያን ቀን የኳስ ጨዋታ ነበር፣ አልመጣም ጋዜጠኛ።
«ሠ»ስ? ብላ ጠየቀችኝ በቅድሚያ።
ጨለማ ነው፣ አልኳት። ያኔ ተቀመጠች፤ ጫማዋን አወለቀች።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣች። ስሟ በሕንፃው ላይ የለም።
ትናንት አንዲት ልጅ መጣች፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ከቡሽህር፤
የተማሪዋ ተማሪ ናት፤ ጀዋሂር ማን እንደሆነች አታውቅም።
ስልኳን ከፍታ አሳየችኝ የቤተ ሙከራቸውን ብልቃጦች፤
ክዳናቸው ላይ ጎባጣ፣ እግር የጎደላቸው፣ የእኔ ፊደሎች።
«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ።
«ደንባችን ነው፤ ዓይናችን እንዳያታልለን።
ማን እንደጀመረው እንጃ፤ መምህራችን እንዲህ አስለመደን።»

አንዱን አጉልቼ አየሁት። «ሠ» ነው፤ ተዘቅዝቆ «ጠ» ሊሆን ምንም አልቀረው።
እስክሪብቶ አወጣሁ፤ መዳፏን ያዝኩና
ቀና አድርጌ ጻፍኩላት፣ ጫፉ እንዳያማት በቀስታ፣ ይኸው።