መቃን ላይ የቀረ ቁመት

ሞላላ ናት ኳሷ፣ ድቡልቡል አይደለች፣
መሬቱን ስትነካ ሐሳብ ትቀይራለች፣
ወደ ግራ ስትል በቀኝ ትነጥራለች።
እሷን ተከትሎ አባቴ ቨርን ሃልስትሮም፣
እሱን ተከትለን እኔና እናቴም፣
ፍራሹ መኪና ላይ በገመድ ታስሮ፣
ዘጠኝ ቤት ቀየርን፣ ያንዱ ቀለም ሳይደርቅ ሌላው ተጀምሮ።

ሲጀምር ነብራስካ፣ ሁለተኛ ደረጃ፣
የረዳት ረዳት፣ የጂኦግራፊ መምህር፣ የሣር ማጨጃ፣
የሜዳውን መስመር በኖራ እያሰመረ፣
የልጆቹን ማሊያ እያጠበ እያደረ፣
አሮጌ አውቶብስ በበረዶ እያሽከረከረ።
እናቴ ማርዲስ ግን ስትቀልድ ትል ነበር፦
«ቨርንን የማውቀው በሽታው ነው እንጅ፣
ፊቱንማ ማን አይቶት? ላብና ኖራ ነው የሚገባው ከደጅ።»
እዚያ ቤት መቃን ላይ በእርሳስ ተሰመርኩ፣
ሦስት ዓመት ከመንፈቅ፤ ለበሩ እጀታ በግንባሬ ደረስኩ።

ከዚያ ኦክላሆማ። ዩኒቨርሲቲ ጠራው፣
መስኮት የሌለው ክፍል፣ ፊልም ማየት ሥራው፣
አንዲቱን ጨዋታ ወደፊት፣ ወደኋላ፣
ዴሻን ፕሩዊት የሚባል ቀጫጫ ልጅ ሲወድቅ ከኳሷ ኋላ፣
ያነሣዋል፣ ይጥለዋል፣ ያነሣዋል እስኪነጋ፣
የቱ እግሩ እንደከዳው እስኪገኝ በፍለጋ።
እኔ ከብስክሌት የወደቅሁ ማታ
ወደኋላ መልሶ የሚያነሣኝ አልነበረም በዚያች ቦታ።

ካንሳስ፣ የመስመር ተጫዋቾች አሰልጣኝ፤
ሞንታና፣ የማጥቃቱ ኃላፊ፤ እሱ ዋንጫ አገኘ፣ እኔ ጓደኛ ሳላገኝ።
ሦስት ካርቶን ነበሩ ካንሳስ ላይ ታሽገው የቀሩ፣
ምን እንዳለባቸው ተረስቶ፣ ከእኛ ጋር የሚዞሩ።
ቁመቴም እንዲሁ፤ አንድ ጣት ካንሳስ ላይ፣ ሁለት ጣት ሞንታና፣
ሙሉ ልኬን የሚያውቅ አንድም ቤት የለም ገና።

በአርባ አንድ ዓመቱ፣ አይዳሆ፣ ዋና አሰልጣኝ ሆነ፣
ፊቱ በጎዳናው በትልቅ ሰሌዳ ገነነ፣
የጎረቤቱ የፖም ኬክ ጠረጴዛችን ላይ ባከነ።
ጨዋታው ደግ ነው፤ ለአሥር ያርድ መንገድ አራት ዕድል ይሰጣል፣
ሰው ግን ሦስት ዓመት ቆጥሮ ይሰለቻል።
ሰባት ጊዜ ተሸነፈ።
በማግስቱ ሣራችን ላይ «ለሽያጭ» የሚል ምልክት ተተክሎ ታየ፤
ቤቱን የሸጠ የለም፤ ተካዩን እግዜር ነው ያየ።
ስንብቱን አባቴ በሬዲዮ ነው የሰማው፣ ቤንዚን እየቀዳ፤
ቀድቶ ጨረሰ፣ ሒሳቡን ከፈለ፣ ለሻጩም ሰላምታ ሰጠ እንደ እንግዳ።

ከዚያ እንደገና ረዳት። ከዚያ የረዳት ረዳት።
ኦሃዮ ላይ አለቃው ማን ሆነ? ዴሻን ፕሩዊት፣
ያ ሌሊቱን ሙሉ ሲወድቅ ሲነሣ ያደረው።
«አሰልጣኝ» ይለዋል ዛሬም፤ ወንበሩ ግን የራሱ ነው።

አሁን ስድሳ ስምንት ዓመቱ። ነብራስካ ተመልሷል፣
ያለ ደመወዝ በዚያው ሜዳ ኖራውን ያፈስሳል።
ልጠይቀው ሄድኩ። የድሮ ቤታችን መኪና ማቆሚያ ሆኗል፤
መቃኑ ሦስት ዓመት ከመንፈቄን ይዞ ሄዷል።
ይህን ስነግረው ዝም አለ። ኋላ «ቁሚ» አለኝ፣
ከግቡ ምሰሶ ጋር ጀርባዬን አስጠግቶ አቆመኝ፣
በኖራ መዳፉ አናቴን ተጫነ፦
«ሁለት ያርድ አትሞይም!» ሳቀ፤ ሳቁም ወዲያው በነነ።
«በአራተኛው ሙከራ ሁለት ያርድ ሲቀረኝ፣
ኳሷን ለግቼ አልሰጥም፤ እገፋለሁ እንጂ፣ የመጣው ያግኘኝ።»

ምሰሶው ላይ የቀረችውን ዝናብ ያጥባታል፤ ያጥባት።
እኔ ጸጉሬ ላይ ያለችውን ሆቴል ገብቼም አላጠብኳት።
ለእናቴ ደወልኩ፣ ፍሎሪዳ፣ ሁለተኛ ባሏ ቤት።
«ይህን ያህል ዓመት ሳታዪው» አለች፣ «ከሩቁ በምን ለየሽው?»
«በሽታው ነው» አልኳት።
ረጅም ጊዜ ዝም አለች።