አምሳ ስምንት ሴንቲ ሜትር

እሱ በረኛ ነው፣ እኔ ደግሞ ወጌሻ፤
ሜዳችን ግዲኒያ፣ ከመርከቡ መድረሻ፤
ከባልቲክ የሚነሣው ነፋስ ኳሱን ሲነዳ፣
መቶ ሰው ቢገኝ ነው፣ ግማሹም
መርከብ ያመለጠው እንግዳ።

ስድስት ዓመት የቪቶልድን ጣት በፕላስተር ጠቀለልኩ፤
ትንሿ ሁለቴ ወለቀች፣ ሁለቴ መለስኩ።
"አመመህ?" ስለው "አይ"።
"በረደህ?" ስለው "አይ"።
እናቱ የሞተች ለት እንኳ ከልምምድ አልቀረም፤
ጓንቱን አጥቦ አሰጣ፣ ምንም አልተናገረም።

ሰው ግቡን ብቻ የሚጠብቅ መስሎታል፤
እኔ ግን አውቃለሁ፣ ሌላም በር ይዞታል፤
መረብ የሌለው፣ ቋሚና አግዳሚ የሌለው፣
ራሱ ከውጭ ቆሞ ራሱን የሚከለክለው።

የካቲት ነበር። ከኦልሽቲን ስንመለስ አውቶቡሱ ተበላሸ፤
አራት ለባዶ ተሸንፈን፣ ሁሉም ፊቱን አሸሸ።
ያደርንበት ማረፊያ ማሞቂያው አይሠራም፤
ጓንቱን አውልቆ ሰጠኝ፣ ላብና ጎማ የሚሸት፤
ሁለት እጄን በአንዱ ከተትኩ። በስድስት ዓመት አንዴ
ሲስቅ ያየሁት ያን ሌት።

የቀረውን ልተወው።
ጠዋት መካኒክ መጣ። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤
ግዲኒያ እስክንደርስ አልዞረም፤ እኔም በኩራቴ ዳቦዬን ስበላ።

ሚያዝያ ላይ፣ እንዳልታወቅ፣ በትሮሊ አውቶቡስ ራቅ ያለ ፋርማሲ ሄድኩ፤
የገዛሁትን በወረቀት ጠቅልዬ ከፋሻዬ ሥር ደበቅኩ።
በክለቡ መታጠቢያ ቤት፣ ኳስ ግድግዳውን ሲደበድብ፣
ሁለት ቀይ መስመር ወጣ። ሁለት፣ ደግሜም ባነብ።
ዕድሜዬ ሠላሳ ዘጠኝ፤ ሐኪሙ "አይሆንም" ካለ ስንት ዓመቱ፤
ሆዴ ግን ሐኪሙን አልሰማ፣ ይኸው ነው እውነቱ።

ልምምድ ሳይጀመር፣ ጣቱን ስጠቀልልለት ነገርኩት፤
ዓይኑን አላየሁም፣ ያን የቀለበት ጣቱን ነው ያየሁት።
"መቼ?" አለ። "ኅዳር።" ከዚያ ዝም፣
ጓንቱን አጠለቀና ሄደ። እኔም አልተከተልኩም።

ቅዳሜ ፍጹም ቅጣት ምት ያዘ፤ መቶው ሰው ሜዳውን አቀለጠው፤
እሱ ኳሱን ሆዱ ላይ እንዳቀፈ ቀረ፣ ለማንም ሳይሰጠው።
ዳኛው ፊሽካ ነፋ፤ አሠልጣኙ "ልቀቀው!" እያለ አበደ፤
ቢጫ ካርድ ወጣ። ያኔ ነው ኳሱ
ከእጁ ቀስ ብሎ የወረደ።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ቃል የለም። "ይሁን" አልኩ፣ "የኔው ነው፤
እንኳን አንድ ሕፃን፣ ሃያ ሁለት ወንድ ነው የማስታምመው።"

እሑድ ጠዋት ደወል ጮኸ። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለው፤
ቪቶልድ ነው። አበባ አልያዘም፤ በእጁ ሜትር ነው ያለው።
ሰላም ሳይል ገባ፣ ተንበረከከ፤ ቀለበት መስሎኝ ልቤ ክው አለ፤
ፋሻና ክራንች ወደምከትባት ትንሽ ክፍል ዞሮ
የበሯን ወርድ ለካ፣ ማጉተምተምም ቃጣው መሰለ።
"አምሳ ስምንት" አለ። "ጋሪው ስልሳ ነው። አይገባም።"
ለካ ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ጋሪ ሲለካ ነበር!
እኔ ደግሞ ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ የለኝም።

መፍቻ አወጣ። ማጠፊያውን አንድ በአንድ ፈታ፤
በሩን አንሥቶ ኮሪደር ላይ አስደገፈ፣ እንደ ሰከረ ጌታ።
ደግሞ ለካ። "ስልሳ ሁለት።"
ዕድሜ ልኩን በር ሲጠብቅ የኖረ ሰው
በር ነቅሎ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ደፉ ላይ ተቀመጠ፤
ሳልጠይቀው፣ ግድግዳውን እያየ፣ ቃል ከአፉ አመለጠ፦

"አባቴ ሲሄድ በሩን ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው።
እስከ ማታ አልሰማንም።"

ምን ይባላል? "ብርድ ይገባል" አልኩ፤ ሌላ ነገር አልመጣልኝ።
አውራ ጣቱን መፍቻው ልጦታል፤ ፕላስተር አመጣሁ፣ እጁን ሰጠኝ።
"አመመህ?" አልኩት ከልማድ።
"አዎ" አለኝ።

በሩ አሁንም ኮሪደር ላይ ነው፤
የታችኛዋ ጎረቤት ሁለቴ ከሳናለች።