ሦስት ክንድ መንገድ

ሞላልኝ ደላላው ቤቱን ሲያሳየኝ፣
በር እየከፈተ መስኮት ሲቆጥርልኝ፣
«ድንጋዩን ዳስሰው፣ የጥንት እጅ ሥራ ነው፤
ቀሃ ቁልቁል ሲወርድ ከዚህ ነው የምታየው።»

ግቢውን በእርምጃ ዞርሁና ለካሁት፤
በስተግራ ጥጉን ለመኪና አሰብሁት።
መኪናስ የለኝም፤ ቦታውን ግን ወደድሁት።

መዝገብ ቤት ያሉት ወይዘሮ ዘርትሁን፣
በክር አስረው አንገት ላይ መነጽራቸውን፣
«ካርታውን አይተሃል፤ ጀርባውንስ?» ሲሉኝ
እንደ ተማሪ ልጅ ላብ አጠመቀኝ።

አራተኛው ቀላል፦ «ፎቅ አይሠራበት፣
ከላይ ሰፈር ላለው ግንቡ እንዳይጠፋበት።»
ፎቁን ማን አየና! እሺ አልሁ በደስታ፤
ሰባተኛው መጣ ወርዶ በዝግታ፦

«ከኋለኛው ቤት ለሚኖር፣ ለዘለዓለም፣
ለእርሱም ለወራሹም፣ ገዥ ቢለዋወጥም፣
ሦስት ክንድ መንገድ በግራ ይተውለት፤
ውኃ ይቅዳበት፣ ቃሬዛ ያውጣበት፤
አጥር አይታጠርበት፣ ቁልፍ አይዋልበት።»

በግራ። ሦስት ክንድ።
በሐሳቤ ያቆምሁት መኪና
ሞተሩን አስነሥቶ ወጣ እንደገና።

«ጉድጓዱኮ» አልሁኝ፣ «በደርግ ነው የጠፋ፤
ቧንቧ ገብቶላቸው ማን ክዳኑን ይግፋ?
ውኃው ከደረቀ ውሉስ ምነው አይደርቅ?»
እሳቸው ዝም አሉ፤ ጣታቸው ብቻ ፈቀቅ፣
ከ«ውኃ» ተነሥታ «ቃሬዛ» ላይ ጠበቅ።

«ይህስ ደረቀ ወይ?» አሉኝ፣ ጥቂት ቆይተው።
ከወንበር ተነሡ ፋይሉን ከድነው።
«ቤት የገዛ ሁሉ ይገዛል ለቤቱ፤
አስብና ተመለስ፤ አልፏል ሰዓቱ።»

ድሮ በዚህ አገር ቦታ ሲሸጥ በወርቅ፣
ኅዳግ ላይ ይጻፋል፣ ከወንጌሉ ሳይርቅ፤
እማኝ ይቆጠራል፣ ዋስ ይጠራል በስም፣
«ያፈረሰ ውጉዝ!» ይላል መደምደሚያም።
ዛሬ ቄሱ የለም፤ ሐምራዊ ማኅተም፣
የቴምብር ቀረጥ፣ የእስክሪብቶ ቀለም፤
ሆኖም ጃንተከል ዋርካ ሥር ስደርስ
ቄስ ያወገዘኝ ያህል እግሬ አለ ቀስ ቀስ።

ያን ጠባብ ኋላ ቤት አሰብሁት ከነሰው፤
መውጫ የሚለው ሁሉ በእኔ ግቢ ነው።
መኪና ይዞራል፣ በሌላም ይገባል፤
ሬሳ ግን በአጥር ላይ እንዴት ይዘላል?

በማግስቱ ሄጄ በክንዴ ለካሁት፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤
ዳርቻውን በጠጠር ምልክት አኖርሁት።
ከኋለኛው ደጃፍ ግንበኛው አቶ ተገኜ፣
ጡረታ የወጡ፣ አንገተ ረጅም፣ ምናምኔ
ብለው የሚስቁ፣ ብቅ አሉ ወደ እኔ።

«ምንድን ነው ወንድሜ?»
«መንገድዎን ነበር።»
«እህ! እንግዲያውስ በራስህ አትስፈር፤
ያንተ ክንድ አጭር ነው፣ የኔ ትከሻ ሰፊ፤
በኔ ክንድ ይለካ፤ እኔ ነኝ አላፊ።»

ለኩት በክንዳቸው፤ ስንዝር ያህል ጨመረ፤
ጠጠሬ ተነሥቶ ወደ ቤቴ ተሻገረ።
አልተከራከርሁም። ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤
ሳቄ መሐል ላይ ግን ጥቂት አቀረቀርሁ።

ማክሰኞ ፈረምሁ። ዋጋው አልቀነሰም፤
ሞላልኝ ከኮሚሽኑ ሳንቲም አልተወም።
በሩ ላይ ሲለየኝ «ሁሉን አየህ?» አለኝ፤
«ጀርባውን» አልሁት።
አልገባው መሰለኝ።