ከስምንቱ አንዱ

ስምንት ቦታ ጻፍኩ በትንሿ ደብተር፣
ሰዓቱን ከጎኑ፣ ርቀቱን በሜትር።
ዴቪካ ሳቀችብኝ ሻንጣዋን ስትፈታ፦
«ለጉምሩክ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ቦታ?»
እውነቷን ነው። ሠላሳ ዓመት ፖርት ሉዊ ወደብ ቆሜ
የሰው ዕቃ ስቆጥር አለቀልኝ ዕድሜ፤
ጡረታ ወጣሁኝ፤ ጣቴ ግን አልወጣ፣
ይቆጥራል እስካሁን ያለፈ የመጣ።

ጋኤታን ብቅ አለ፣ አርፍዶ፣ በሦስት ሰዓት፣
ቢጫ አውቶቡስ ይዞ፣ በሯን በገመድ ያሰራት።
«ሁለት ብለን ነበር» አልኩት በትሕትና፤
«ሁለትማ መጥታ አልፋ ሄደች» አለና
ዳቦ ሊገዛ ወረደ፤ ወግም ሊያወራ
ከዳቦ ሻጯ ጋር፣
ከዳቦ ሻጯ ጎረቤት ጋራ።

ሮድሪግስ ትንሽ ናት፤ በጠዋት ብትነሳ
ከጫፍ እስከ ጫፏ ትደርሳለህ ለምሳ።
ግን መንገዱ ጠምዛዛ፣ ጥጉ ፍየል አለው፣
ፍየሉ ባለቤት፣ ባለቤቱም ወሬ አለው፤
ጋኤታን ለሁሉም መስኮት ይከፍታል፣
«ጥርስህ ተሻለህ ወይ? ጣሪያውስ?» ይላል።
የኔ ሰዓት ብቻ ክንዴ ላይ ይሮጣል፣
ማንም እንዳልጠራው እንግዳ።

መጀመሪያ ኤሊ።
የጋሪ ያህል ሰፍታ፣ ቋጥኝ ተሸክማ፣
አንገቷን አስግጋ ቅጠል ስትቀማ
ከዴቪካ መዳፍ፤ ቀስ ብላ፣ ያለ ሐፍረት፣
በሰው ሠርግ ላይ ጓዳ እንደምትገባ አክስት።
«መቶ ዓመት አልፏታል» አለ ጠባቂው ልጅ።
«ማን ቆጠረው?» አልኩት።
«ራሷ ናት እንጂ!»
ደብተሬን አወጣሁ፣ ጻፍኩ፦ ኤሊ፣ አንድ።

ሁለተኛው ቦታ ደብተሬ ላይ የለም።
ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። እስከ ሩቁ ጠርዝ ድረስ
ውሃው ቁርጭምጭሚት፣ አሸዋው የሚታረስ
መስክ መስሎ ተኝቷል። ሴቶች በቦት ጫማ
ጎንበስ ቀና ይላሉ፣ ከሩቅ እንደ ቄጤማ።
ሮዝሜ ትባላለች አንዷ፤ ሰባ ዓመት ሞልቷታል፣
ድንጋዩ ሥር ያለውን ከላይ ሆና ታውቀዋለች፤
የብረት ዘንጓን ሰድዳ፣ ጠምዝዛ፣ ጎትታ
ኦክቶፐስ አወጣች፤ ክንዷን ከላይ እስከ ታች
ተጠምጥሞ ያዛት፣ እሷ ግን አልያዛትም ጉዳይ።
«ይኸው ስምንት!» አለች ዴቪካ፣ «የጻፍከው በሙሉ
በአንድ ራስ ተገኘ፤ ቁጠረዋ ሁሉን!»
ሳቅን፤ ሮዝሜም ሳቀች፣ ምን እንደሆነ ሳይገባት፣
ሳቁ ውሃው ላይ ሄደ፣
የሚመልሰው ግንብ አጥቶ።

ምሳ ከጥላ ሥር፤ ያው ኦክቶፐስ ቀርቦ
በሎሚ በሽንኩርት፣ በቃሪያ ታጅቦ።
ዘመዶቹ ተሰጥተው በገመድ ከጎናችን፣
እጅጌው የበዛ ሸሚዝ መስለው ያዩናል በልተን።

ከዚያ ማንም ምንም አልሠራም።
ጋኤታን ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ
አንቀላፋ፤ አንድ ውሻም አጠገቡ ተኝቶ
ሥራውን ተጋራው።
እኔ የማዕበሉን ድምፅ መቁጠር ጀመርኩ፣
አርባ ሰባት ላይ ጠፋብኝ፣
ወደ አንድ አልተመለስኩ።

ሊመሽ ሲል አውቶቡሷ ቆመች፣ ያለ ምልክት፣
ነጫጭ መስቀሎች ባሕሩን ከሚያዩበት።
«ይሄኛው ምንድን ነው?» አልኩት።
«እናቴ» አለኝ።
ከጠዋቱ ዳቦ አንዱን ሳይነካው ኖሯል፤
ወረደ፣ ከመቃብሩ ጥግ ተቀምጦ ቆረሰ፣
ለእኛም በጣቱ ጠራን፣ አካፈለን።
«እዚህ ዐርፋለች» አለ፣ «ባሕሩን ስለምትወድ
አይደለም፤ ትፈራው ነበር። ቦታው ረክሶ ነው።»
ከዚያም ዘወር ብሎ፣ «እናንተስ?» ሲል ጠየቀ።
እኛም ለዕረፍት መጣን ልል አፌን ከፍቼ
ቃሏን ከጥርሴ ጫፍ ዋጥኳት መልሼ።
የኛዋ ዕረፍት ትኬት አላት፣
መመለሻውም ተከፍሏል።
ዳቦውን አላመጥን። ትንሽ አሸዋ ነበረው።

ማታ ዴቪካ፣ «ስንት አየን?» አለችኝ፣
ደብተሩን ገለጥኩት፦
ኤሊ፣ አንድ።
ሌላው ገጽ የባሕር ውሃ ነክቶት አብጧል።

ጋኤታን ሲለየን «ነገ ሁለት ሰዓት» ብሎን ነበር፤
«ሁለት ሰዓት» አልኩት፣ እጁን ጨብጬ፣ በቁም ነገር።
በነጋታው ሁለት ስትመጣ፣ በመስኮት አየኋት፤
ተኝቼ ነበርና
አልፋ እንድትሄድ ተውኳት።