ሁለት ዲግሪ ውሃ

ሳስካቱን፣ ጥር አጋማሽ፤ ወንዙ መንገድ ሆኗል፤
እዚህ ምድር ቤት ግን በረዶ ከማሽን ይቀዳል።
ሥራዬ ቀላል ነው፤ ሰዓትና እርሳስ፣
እጅ ከገንዳው ገብቶ እስኪወጣ ድረስ።
በየሠላሳ ሰከንድ «ስንት ነው?» እላለሁ፣
ከዜሮ እስከ ዐስር የሰጡኝን እጽፋለሁ።

የሆኪ ተጫዋቹ ጥርሱን ነክሶ «ሁለት»፣
ጓደኞቹ ሲወጡ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስምንት»።
አንዲት ተማሪ ደግሞ ውሃው ሳይደርስባት
«አምስት!» ብላ ጮኸች፤ ፍርሃቱ ቀድሟት።

ኢንግሪድ፣ አለቃዬ፣ በምሳ ሰዓት ስታወራ
ሕመምን ታየዋለች እንደ ገበያ ሥራ፦
«ቆዳ ዋጋ ይጠራል፤ አንጎል ይከራከራል፤
ማን አጠገቡ እንዳለ አይቶ ይቆርጣል።»

ማክሰኞ ቫሲል መጣ፣ ፉርጎ ሲያያይዝ የኖረ፣
ትንሿን የግራ ጣቱን ከዚያው ከሐዲዱ ያስቀረ።
እጁን ነከረ። «ስንት?»
«አራቱ ጣት፣ ሦስት ይሆናል፤
አምስተኛዋ ግን» አለ፣ «ሰባት። በጣም ይበርዳታል።»

ቅጹን አገላበጥሁ። ለሌለ ጣት ቦታ የለም።
ኅዳጉ ላይ ጻፍሁት፤ ኢንግሪድ አልተቆጣችም።
«እየዋሸ ይሆን?» አልኋት። መነጽሯን አወለቀች፦
«ጣቱ ያለውስ ሰው፣ ምስክሩ ማን ነው?» አለች።

ያን ቀን አመሸሁ፣ መጠይቁን ወደ አማርኛ ስተረጉም፤
ሃያ የሕመም ቃል ሰጡኝ፤ የእኛው ግን አያልቅም፦
ይወጋል፣ ይጠዘጥዛል፣ ይቆረጥማል፣ ያንገበግባል፣
ይለበልባል፣ ይፈልጣል፣ ሲሻው ደግሞ ይነዘንዛል።
«አመመኝ» እንላለን። ማን? ባለቤቱ አይጠራም፤
አንድ «እሱ» አለ ከግሱ ሥር፤ ስሙን የሚያውቅ የለም።

ክፍሉ ባዶ ነበር። እጅጌዬን ሰብስቤ
ክንዴን ገንዳው ውስጥ ነከርሁ፤ ሰዓቱን አጠገቤ።
ሠላሳ፦ አራት። ስልሳ፦ ስድስት።
ያ ስም የለሹ መጣ፣ መዶሻ ይዞ ወደ አጥንት።
ዘጠና፦ ስምንት ተኩል። ተኩል መልስ አይደለም፤
ሌላው ሲለኝ እሰርዛለሁ፤ የራሴን አልሰረዝሁም።

በሩ ተከፈተ። ሉዝቪሚንዳ ነች፣ ከነመጥረጊያዋ፤
«ምን ሆንሽ?» አለች፤ ቆመች፣ እጇ ላይ ባልዲዋ።
ሌላ ነገር የለም። አልነካችኝም። ቆማ አየችኝ።
ውሃው ያው ሁለት ዲግሪ ነው፤ ቴርሞሜትሩ አልወጣም፤
ቁጥሬ ግን ወረደ፣ አምስት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

«ምንም» አልኋት፣ ክንዴ ቀልቶ፣ እንደ ልማዳችን ዋሽቼ።
ፎጣ ወረወረችልኝ፤ ያዝሁት፣ ግራ ተጋብቼ።

ቫሲል አርብ ይመለሳል። አዲሱን ቅጽ ዛሬ አተምሁ፤
ኢንግሪድን ሳላማክር፣ ከአራቱ ሣጥን ቀጥሎ
አንዲት ጠባብ ሣጥን ጨመርሁ።