ሚዛን የማያነሳው

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ሸምሱ ዘረገፈ የሰፈሩን ዕቃ፤
«ቆራሌው!» እያለ፣ ከኮንዶሚኒየም ደጅ፣
ሲገዛ የዋለውን ከሠራተኛ፣ ከልጅ።

ደሚቱ ሚዛኗን ግንድ ላይ ሰቀለች፤
በእግሯ እየለየች፣ በዓይኗ እየመዘነች፣
«ጣሳው ይሂድ» አለች፣
«ቀልጦ ድስት ይሆናል።
ካርቶኑም ይሄዳል፣ ውሃ ካልነካው፤
ሃይላንዱም ያልፋል፣ ክዳኑ ለብቻ ይፈታል።
ጠርሙስ?... ጠርሙስ ከብዶኛል፣
መኪናው ሲመጣ ያኔ ይታያል።»

«ይሄስ?» አላት ሸምሱ፤ ብስኩት የነበረበት፣
ላዩ ቀይ የሆነ፣ ውስጡ ብር የቀቡበት።
አገላበጠችው።
«ላስቲክ ነው እንዳልል፣ ብረት ለብጠውበት፤
ብረት ነው እንዳልል፣ ላስቲክ አጣብቀውበት፤
ሁለቱን የሚያፋታ ዳኛ የለበት።
ሚዛን አያነሳውም፤ መልሰው ወደመጣበት።»

ማን ሊመልሰው?
ነፋስ ቀደመና ካጥሩ አሻገረው፤
ከጤፉ ማሳ ላይ፣ ከአቃቂ ወንዝ ዳር፣ ከብጤው ደመረው።

ባለፈው ፋሲካ ለቅርጫ ሲታረድ የጉደታ በሬ፣
ከፈርሱ መሐል ሦስት ፌስታል ወጣ፣ አላለቀም እስከ ዛሬ፤
አንዱ እንደታሰረ ነው፣ ቋጠሮው ሳይላላ።
ቋጣሪው ማን ነበር? አልጠየቀም ማንም፤
ሥጋው ተበላ።

ሸምሱ መቶ አርባ ብሩን ቆጥሮ ሱቅ ጎራ አለ፤
ርቦታል። ብስኩት ገዛ፣ ያንኑ ቀዩን።
በላና፣ ፍርፋሪውን አራግፎ፣
ግራ ቀኝ አየና፣
ሽፋኑን አጥፎ ኪሱ ከተተው፤
እዚያው ነው እስካሁን።